ታይድዋተር ጎቢ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሎስ አንጀለስ የምትኖሩ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ከሳንታ ሞኒካ ወደ ማሊቡ ባሕሩን ይዛችሁ ስትነዱ፣ የቶፓንጋን ጅረት በድልድይ ትሻገራላችሁ። ጅረቱ ውቅያኖስ ሊገባ ሲል የሚያርፍበት ኩሬ አለ፤ ላጉን ይሉታል። ከሥሩ፣ አሸዋው ላይ፣ ጣት የማያክል ዓሣ ይኖራል። ታይድዋተር ጎቢ ይባላል። ስለሱ የሚባለው ግን ብዙው ልክ አይደለም።

«የትልቅ ዓሣ ልጅ ነው»

አይደለም። አድጎ ጨርሶም ከ5 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ዕድሜውም አንድ ዓመት ገደማ ነው። መልኩ ከአሸዋው ጋር ስለሚመሳሰል ቆማችሁ ብታዩም ላይታያችሁ ይችላል።

«ኩሬው ከተበላሸ ወደ ባሕር ይወጣል»

ቤቱ ባሕሩ አይደለም። የጅረት ውሃና የባሕር ጨው የሚደባለቁበት ቦታ ነው። ጎርፍ ጠርጎ ባሕር ሲከተው፣ ከቀናው በዳርቻው ተጉዞ ሌላ ላጉን ይደርሳል። በዓለም ላይ ከካሊፎርኒያ ዳርቻ በቀር የትም የለም። በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ድሮ ነበር፤ አሁን ጠፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ለመጥፋት ከተቃረቡ እንስሳት ተርታ ገብቷል።

«አፉ የተዘጋ ኩሬ የታመመ ነው፤ አሸዋውን ጥሰን እንልቀቀው»

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ምክንያቱም የሚያደርጉት ሰዎች ለበጎ ብለው ነው። ዝናብ ሲጠፋ ጅረቱ ይሳሳል። ሞገዱም አሸዋ እየገፋ አፉን ይደፍነዋል። ውሃው ይረጋል፣ አንዳንዴም ይሸታል። ለዓይን ደስ አይልም። ለጎቢው ግን ሰላም ማለት ይሄ ነው። ሞገድ አይደርስበትም፤ ተረጋግቶ ይራባል። በክረምት ዝናብ ጅረቱ ሲሞላ አሸዋውን ራሱ ይጥሰዋል። ሰው ያለጊዜው በአካፋ ሲከፍተው ግን ውሃው በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ዳር ዳር የተቆፈሩት ጎጆዎች ከነእንቁላላቸው ደረቅ ላይ ይቀራሉ።

«ወንዶቹ በሴት ይጣላሉ፣ እንቁላሉን እናት ትጠብቃለች»

እዚህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ወንዱ አሸዋው ውስጥ ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ይቆፍራል። በወንድ የሚጣሉት ሴቶቹ ናቸው፤ ያኔ ሰውነታቸው ይጠቁራል። ሴቷ በመቶ የሚቆጠሩ እንቁላሎቿን በጉድጓዱ ውስጥ ትጥልና ትሄዳለች። ከዚያ ወዲያ ኃላፊነቱ የአባት ነው። እስኪፈለፈሉ ከ9 እስከ 11 ቀን አብሯቸው ይቆያል። ለምግብ እንኳ እምብዛም አይወጣም። ይህን ያህል ሚጢጢ ፍጡር እንዲህ አባት ሲሆን ማወቅ እኔን ሁሌም ይነካኛል።

«ሰው ካልበላው ምን ይሠራል?»

ወፎችና ትልልቅ ዓሦች ይበሉታል። እሱ ደግሞ ከወለሉ ጥቃቅን ሽሪምፕና የነፍሳት እጭ ይለቅማል።

«ሰደድ እሳት ውሃ ውስጥ ያለን ዓሣ አይነካም»

እሳቱ ራሱ ላይነካው ይችላል። አደጋው የሚመጣው ከእሳቱ በኋላ ነው። ዳገቱን የያዘው ቁጥቋጦ ከተቃጠለ፣ የመጀመሪያው ዝናብ አመዱንና ጭቃውን ጠርጎ ላጉኑ ውስጥ ይደፋዋል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የፓሊሴድስ እሳት የቶፓንጋን ተራሮች ሲያቃጥል የተፈራው ይሄ ነበር። ስለዚህ ባለሙያዎች ዝናቡን ቀድመው ጃንዋሪ 17 ቀን ላጉኑ ውስጥ ገቡ። 760 ጎቢዎችን በመረብ አወጡ። ዓሦቹ ሎንግ ቢችና ሳንታ ሞኒካ ባሉ አኳሪየሞች ተጠልለው ከረሙ። በጁን ወር በመቶ የሚቆጠሩት ወደ ቶፓንጋ ተመለሱ። የመራቢያ ወቅታቸው ገና አላለፈም ነበር።