«ኦንላይን ጀምሪ፣ ቪዛው ይከተላል»፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ታናሽ እህቴ የካናዳ ኮሌጅ ትምህርቷን የጀመረችው እዚሁ ጅማ፣ ኮቺ ሰፈር፣ እናታችን ቤት ነው። ጊዜው መስከረም 2013 ነበር። የመግቢያ ደብዳቤው ደርሷታል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ተከፍሏል። ቪዛ ግን የለም። ኮቪድ በሩን ሁሉ ዘግቶታል። ያኔ ያልሰማነው ምክር የለም። ግማሹ ከደላላ፣ ግማሹ ከቴሌግራም፣ የቀረው ከዘመድ። አብዛኛው ስህተት ነበር፤ አንዳንዱ ደህና ብር አስወጥቶናል።

ወረርሽኙ ካለፈ ቆየ። ምክሩ ግን እንዳለ ነው። ዛሬም ውጭ ለመማር የሚያስብ ልጅ ሊያማክረኝ ሲመጣ ያንኑ ይደግምልኛል። ስለዚህ አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ትምህርት ቤቱ ከተቀበለኝ ቪዛው ያለቀ ነገር ነው»

የሌሎቹ ስህተቶች ሥር ይህ ነው። የሚቀበላችሁ አንዱ፣ የሚያስገባችሁ ሌላው። ትምህርት ቤቱ የሚያየው ውጤታችሁን ነው። ቪዛ የሚሰጠው ሰው ደግሞ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ፣ ያን ትምህርት ለምን እንደመረጣችሁ፣ ስትጨርሱ ምን ልታደርጉ እንዳሰባችሁ ያያል። አንዱ የሌላውን ቃል የመጠበቅ ግዴታ የለበትም።

ለምሳሌ አሜሪካ ለሚሄድ ተማሪ ትምህርት ቤቱ «አይ-ትዌንቲ» የሚባል ወረቀት ይልክለታል። ብዙ ልጅ እሱን እንዳገኘ «ቪዛ ወጣልኝ» ብሎ ለዘመድ ይደውላል። ወረቀቱ ግን ቪዛ ለመጠየቅ ያስችላል እንጂ ቪዛ አይደለም። ቀጥሎ የሴቪስ (የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ) ክፍያ 350 ዶላር አለ። ከዚያ የቪዛ ማመልከቻ ክፍያ። ከዚያ አዲስ አበባ ሄዶ ቃለ መጠይቅ። ቪዛው ቢከለከልም ሁለቱም ክፍያዎች አይመለሱም። አንድ ጥሩ ነገር ግን አለ፦ በ12 ወር ውስጥ ለዚያው የቪዛ ዓይነት ድጋሚ ካመለከታችሁ ሴቪሱን ሁለተኛ አትከፍሉም።

በኮቪድ ጊዜ ይህ ልዩነት ፍንትው ብሎ ወጣ። አሜሪካ መጋቢት 11 ቀን 2012 በዓለም ዙሪያ መደበኛ የቪዛ አገልግሎቷን አቋረጠች። ትምህርት ቤቶቹ ግን ደብዳቤ መላካቸውን አላቆሙም። ደብዳቤ ይዞ ቀጠሮ ያጣ ልጅ በየሰፈሩ ነበር።

«ኦንላይን ጀምሪ፣ ቪዛው ይከተላል»

ለእህቴ ይህን ያላት ሰው ክፋት አልነበረውም። ግን መልሱ እንደየአገሩ ነው፤ በአንድ አገር ውስጥም እንደየወሩ ይለዋወጥ ነበር።

ካናዳን እንውሰድ። በተለመደው ጊዜ ከካናዳ ውጭ ሆናችሁ በኦንላይን የተማራችሁት፣ ከምረቃ በኋላ ለሚሰጠው የሥራ ፈቃድ አይቆጠርላችሁም። በወረርሽኙ ጊዜ ይህን ሕግ ላላ አደረጉት። በየካቲት 2013 እንዲያውም ሙሉውን ፕሮግራም ከአገራችሁ ሆናችሁ ብትጨርሱ ይቆጠራል ተባለ። ለኛ ትልቅ ዜና ነበር። ግን ሁኔታ ነበረው። የትምህርት ፈቃድ (ካናዳ ለውጭ ተማሪ የምትሰጠው) ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት የተማራችሁት ጊዜ አይቆጠርም። እህቴ ማመልከቻዋን ያስገባችው ክፍል ከመጀመሩ በፊት ነው፤ እሷ አልተጎዳችም። «ልጀምርና ቀስ ብዬ አመለክታለሁ» ላለ ሰው ግን ያ ሁሉ ትምህርት ለሥራ ፈቃዱ ከንቱ ነበር። ደግሞም ያ ልዩ ሕግ እየጠበበ መጥቶ አብቅቷል። ዛሬ «ከጅማ ሆነህ ብትማርም ይቆጠርልሃል» የሚላችሁ ሰው የ2013ን ሕግ ነው የሚነግራችሁ።

ሌላው ደግሞ የአጎቴ ልጅ ነው። እሱም በዚያው ሰሞን ኦንላይን ጀመረ። ከፍሎ አንድ ሴሚስተር ተማረ። ከዚያ የትምህርት ፈቃዱ ተከለከለ። ኮሌጁን ገንዘቤን መልሱልኝ ሲል «ክፍል ገብተሃል፣ ተምረሃል» አሉት። የፈረመበት ውል ውስጥም እንደዚያ ይል ነበር። ውሉን ያነበብነው ግን ከተከለከለ በኋላ ነው። ቪዛ ቢከለከል ገንዘቡ ይመለሳል ወይ፣ እስከ ስንት ቀን፣ ምን ያህሉ ተቆርጦ? ይህን ከመክፈላችሁ በፊት በኢሜይል ጠይቃችሁ መልሱን አስቀምጡ። በስልክ የተነገረ አይያዝም።

ቻይና የከረመው ነገር ከሁሉም ይከብዳል። መጋቢት 19 ቀን 2012 ቪዛ ያለውን የውጭ ዜጋ ጭምር ማስገባት አቆመች። ለእረፍት አገር ቤት የመጡ ተማሪዎች እንደወጡ ቀሩ። የተማሪ ቪዛ ዳግም የተከፈተው በነሐሴ 2014 ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ማለት ነው። ቪዛው ፓስፖርታቸው ላይ ነበር፤ በሩ ግን ዝግ። አውስትራሊያም ድንበሯን በመጋቢት 2012 ዘግታ፣ የተከተቡ ተማሪዎችን ማስገባት የጀመረችው ታኅሣሥ 6 ቀን 2014 ነው። ቪዛው «ይከተላል» ቢባልም፣ ተከትሎም ላያስገባ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሕክምናና ነርሲንግ ለሚያስቡ ይህ ጥያቄ ሌላ ክብደት አለው። ጅማ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። ዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ እየላከ በማስተማር ነው የሚታወቀው። ታካሚ በስክሪን አይዳሰስም። የተግባር ክፍሉ መቼ፣ የት እንደሚሰጥ ሳታውቁ አንድም ሴሚስተር አትክፈሉ።

«አሜሪካ ኦንላይን የሚማር የውጭ ተማሪ ታባርራለች»

ይህ ወሬ የተነሳበት ቀን ይታወቃል። ሰኔ 29 ቀን 2012 የአሜሪካ ኢሚግሬሽን፣ ትምህርታቸው ሙሉ በሙሉ ኦንላይን የሆነ የውጭ ተማሪዎች በቀጣዩ ሴሚስተር አገሪቱ ውስጥ መቆየት አይችሉም አለ። ሃርቫርድ እና ኤምአይቲ ወዲያው ፍርድ ቤት ሄዱ። ሐምሌ 7 ቀን መመሪያው ተነሳ። ዕድሜው ስምንት ቀን ነበር።

ታዲያ ወሬው እኛ ዘንድ ለምን ቆየ? ኢንተርኔት ከሰኔ 23 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ የቆየው በነዚያው ቀናት ነው። ክልከላው በቲቪና በስልክ ደረሰን። መነሳቱን ግን ብዙ ሰው አልሰማም። የሰማም ቢኖር የደነገጠውን ያህል አላወራውም።

እውነታው እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ የነበሩት ተማሪዎች ቆዩ። ትምህርቱ መቶ በመቶ ኦንላይን የሆነበት አዲስ ተማሪ ግን በዚያ ሴሚስተር እንዲገባ አልተፈቀደለትም። በተለመደው ጊዜ ደግሞ በኤፍ-ዋን (የተማሪ) ቪዛ ያለ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር ከሙሉ ጊዜ ትምህርቱ ውስጥ የሚቆጠርለት የኦንላይን ኮርስ አንድ ወይም 3 ክሬዲት ብቻ ነው። ሙሉ ዲግሪውን ጅማ ቁጭ ብላችሁ የምትማሩ ከሆነ ቪዛ አያስፈልጋችሁም። ቪዛ ያስገኝልኛል ብላችሁም አትጠብቁ።

«ከቤት ሆኖ መማር ርካሽ ነው»

የቤት ኪራይና የአውሮፕላን ትኬት ይቀራል፤ ይህ እውነት ነው። የትምህርት ክፍያው ግን ብዙ ጊዜ ያው ነው። የእህቴ ኮሌጅ ከትራንስፖርት ክፍያ በቀር አንድም ዶላር አልቀነሰላትም። ከዚያ በላይ ደግሞ እንቅልፍ አለ።

ክፍሏ በቶሮንቶ ምሽት ላይ ነበር። እኛ ጋ ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት። እናታችን ከመተኛቷ በፊት ቡና አፍልታ ፔርሙስ ውስጥ ትገለብጥላታለች። እህቴ ጋቢ ተከናንባ፣ ስልኩን ኔትወርክ የሚይዝበት መስኮት ላይ አስቀምጣ፣ ላፕቶፑን በሱ ታገናኛለች። መብራት ከሄደ የላፕቶፑ ባትሪ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ካሜራውን ታጠፋለች፣ ብርሃኑን ትቀንሳለች። አስተማሪው ለምን ፊቷን እንደማታሳይ ሁለት ጊዜ ጠይቋታል። ክፍሉ አልቆ ብዙም ሳይቆይ የሱብሂ አዛን ይሰማል። ያኔ ነው የምትተኛው። ጠዋት ደግሞ ሥራ አለባት።

በጥቅምት ማለቂያ አንድ ሌሊት ቀሰቀሰችኝ። «ክፍሉ ተዘግቷል፣ ከዝርዝሩ ሳያስወጡኝ አይቀሩም» አለች። እጇ ይንቀጠቀጣል። የሆነው ነገር ቀላል ነው። ጥቅምት 22 ቀን 2013 ቶሮንቶ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች። እኛ የምንቀይረው ሰዓት ስለሌለን አላሰብነውም። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ክፍሉ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ሆነ። የሰባት ሰዓት ልዩነት ስምንት ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ፈተና ቀን ላይ ቢሆን ኖሮስ? በተለይ በእኛ አቆጣጠር ለለመደ ሰው «2 ኤኤም» (ከሌሊቱ 8 ሰዓት) የሚለውን የጠዋት 2 ሰዓት አድርጎ ማንበብ ቀላል ነው። የማስረከቢያ ሰዓቶችን ሁሉ ወደ ሐበሻ ሰዓት ገልብጣችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

ቻይና ለሚማር ደግሞ ተቃራኒው ነው። የቤጂንግ የጠዋቱ ክፍል እኛ ጋ ሊነጋጋ ሲል ይውላል። የእነሱ ጠዋት 8 ሰዓት የእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ነው።

መንገዱንም አስቡት። አሻራ ለመስጠት፣ ለቃለ መጠይቅ፣ ፓስፖርት ለመቀበል፣ ሁሉም አዲስ አበባ ነው። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ፣ ያንኑ መመለስ፣ በመሃል ማደሪያ። ኢንተርኔት የጠፋ ጊዜ እህቴ ኢሜይሏን ያስነበበችው ውጭ ባለ ዘመድ በኩል፣ በስልክ ነው። የይለፍ ቃሏን ነግራው አንድ በአንድ አነበበላት። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የሠራችው ነገር፣ መስመር ሊጠፋብኝ ይችላልና በዚህ ስልክ አግኙኝ ብላ ለኮሌጁ መጻፍ ነው።

«የኦንላይን ዲግሪ እዚህ አገር አይሠራም»

በጅምላ «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» ማለት አይቻልም። የውጭ አገር ማስረጃን አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። የትምህርት ቤቱን ስም፣ የፕሮግራሙን ዓይነትና እንዴት እንደሚሰጥ ይዛችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ። ከምረቃ በኋላ መጠየቅ ዘግይቶ ነው።

«ቪዛውን እኛ እናስጨርሳለን»

ቪዛ የሚያስጨርስ ኤጀንሲ የለም። ፎርም የሚሞላ፣ ሰነድ የሚያደራጅ፣ የሚያማክር አለ፤ ከነሱም ቅን የሆኑ አውቃለሁ። «ዋስትና እሰጣለሁ» ያለ ዕለት ግን ተነሱ። ትምህርት ቤቱ የውጭ ተማሪ እንዲቀበል ፈቃድ ያለው መሆኑን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ካናዳም አሜሪካም ዝርዝሩን በመንግሥት ድረ ገጻቸው በነፃ አውጥተውታል።

ይልቅ የሚያስፈራኝ የባንክ ስቴትመንቱ ነው። «አካውንትህ ባዶ ቢሆንም እናስተካክለዋለን» የሚሉ አሉ። ካናዳ የሐሰት ሰነድ ካገኘች ለአምስት ዓመት ታግዳለች። አሜሪካ ላይ ደግሞ ዕድሜ ልክ ሊከተላችሁ ይችላል። ደላላው ኮሚሽኑን ተቀብሎ ሄዷል፤ ስሙ የሚበላሸው የእናንተ ነው።

«አንዴ ከተከለከልኩ አበቃልኝ»

የአጎቴ ልጅም እንዲህ ብሎ ነበር። ገንዘቡ ሄዷል፣ ፈቃዱ ተከልክሏል፣ ለወራት ከቤት መውጣት አቆመ። የክልከላው ምክንያት «ትምህርትህን ስትጨርስ አገራችንን ለቀህ እንደምትወጣ አላሳመንከንም» የሚል ነበር። ብዙ ሰው የሚደርሰው ደብዳቤ ነው።

ድጋሚ ማመልከት ይቻላል። ፎርሙ «ከዚህ በፊት ተከልክለህ ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «አዎ» ማለት ግዴታ ነው። መከልከሉ አያስቀጣም፤ መደበቁ ያስቀጣል። ግን ያንኑ ወረቀት መልሶ መላክ ትርፉ ክፍያ ብቻ ነው። አንድ ነገር መለወጥ አለበት።

የመጀመሪያውን የማመልከቻ ደብዳቤውን አውጥተን አየነው። ከኢንተርኔት የተገለበጠ ነበር። ካናዳ ውብ አገር ናት፣ ሕዝቧ እንግዳ ተቀባይ ነው፣ ትምህርቷ በዓለም የታወቀ ነው። ስለሱ አንድም ቃል የለም። እሱ ደግሞ ሦስት ዓመት መርካቶ አንድ ቡና ነጋዴ ጋ ሠርቷል፤ ያመለከተው ለሎጂስቲክስ ትምህርት ነው። አዲሱን ደብዳቤ አብረን ጻፍነው። ቡናው ከገበሬው ተነስቶ፣ ጅማ ተመዝኖ፣ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ጅቡቲ ወደብ እስኪጫን የት የት እንደሚዘገይ አንድ በአንድ ጻፈ። መጋዘን ውስጥ እርጥበት የገባው ጆንያ ምን እንደሚሆን ጻፈ። ተመልሶ የት እንደሚሠራም፣ ከአሠሪው ደብዳቤ ጋር።

በዓመቱ ፈቃዱ ወጣለት። አሁን ልጆች ሲመጡ ያን ደብዳቤ አሳያቸዋለሁ። ፎቶ ላንሳው ሲሉኝ አይሆንም እላለሁ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ እሰጣቸውና የራሳቸውን ሥራ እንዲነግሩኝ እጠይቃለሁ።