ስለ ደሴና ኮምቦልቻ መስፋፋት በስህተት የሚነገሩ ነገሮች

ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ባለ ጠባብ ቦታ ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ የቦርከና ወንዝ መሃሏን አቋርጦ ይወርዳል። ኮምቦልቻ ደግሞ ከሐረጎ ቁልቁል 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ሜዳ ላይ ተዘርግታለች። ስለ ሁለቱ ከተሞች ሰውና መሬት ሲወራ ይህ ልዩነት ይዘነጋል፤ ስህተቱም ከዚያ ይጀምራል።

«በ1999 ቆጠራ ደሴ ከ150 ሺህ በላይ ከተሜ ነበራት»

ቁጥሩ እውነተኛ ነው፤ የሚያሳየው ግን የከተማ አስተዳደሩን በሙሉ ነው። 151,174 ሲባል በአስተዳደሩ ሥር ያሉ የገጠር ቀበሌዎች ነዋሪዎችም አሉበት፤ ከተሜው 120,095 ነበር። ኮምቦልቻም ላይ እንዲሁ ነው፦ በጠቅላላው 85,367፣ ከተሜው 58,667። ሁለቱን ሳይለዩ ከ1987ቱ ቆጠራ ጋር ማነጻጸር ያልነበረ ዕድገት ያሳያል። ከተሜን ከከተሜ ጋር ብቻ ካስተያየን ደሴ ከ97,314 ተነስታ 23 በመቶ ያህል አድጋለች፤ ኮምቦልቻ ግን ከ39,466 ተነስታ 49 በመቶ ገደማ። ሜዳ ያላት በእጥፍ ፈጠነች። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ ያኔ አልነበረም፤ የተመረቀው በ2009 ነው። ከ1999 ወዲህ ቆጠራ ስላልተካሄደ ዛሬ የሚጠቀሰው ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው። የውኃ ፍላጎት ወይም የትምህርት ቤት ብዛት የሚያሰላ ሰው አስቀድሞ «የየትኛው ወሰን?» ብሎ ይጠይቅ።

«ከተማው የሚበዛው በወሊድ ነው፤ ከገጠር የሚመጣውም ወንድ ነው»

በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገር አቀፍ ደረጃ አንዲት የከተማ ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 2.3 ልጅ ትወልዳለች፤ የገጠሯ 5.2። በእንዲህ ያለ ወሊድ ብቻ ከተማ ፈጥኖ አይሞላም፤ የሚሞላው ከገጠር በሚገባ ሰውና ወሰኑ በሰፋ ቁጥር ነው። በ1987 ደሴ ውስጥ 51,977 ሴቶችና 45,337 ወንዶች ተቆጥረዋል፤ ለ100 ሴት 87 ወንድ ማለት ነው። ሴቶች ለቤት ሠራተኝነት፣ ለትምህርት፣ ጠላና ምግብ ለመሸጥ፣ ከፍቺም በኋላ ይገባሉ። የሚፈልጉትም በርካሽ የሚከራይ አንድ ክፍል፣ መብራት ያለው መንገድና ቅርብ ቦንቧ ነው፤ ለቤተሰብ ብቻ ታስቦ የሚወጣ የቤት ዕቅድ እነዚህን ሴቶች ይረሳል።

«ከገበሬው በውል ገዝቻለሁ፤ ሽማግሌዎችም ፈርመዋል»

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የመንደር ውል፣ አሥር ሽማግሌ ቢፈርምበትም፣ ይዞታ አያስተላልፍም። ከአረብ አገር የተላከ የስንት ዓመት ልፋት በከተማው ዳር እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ያሳዝናል። ወሰኑ ሰፍቶ መሬቱ ሲወሰድ ካሳው የሚከፈለው በይዞታ ደብተሩ ላይ ስሙ ላለው ገበሬ ነው፤ የጨረቃ ቤት ግን ያለ ካሳ ሊፈርስ ይችላል። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሦስት ነገር ይጣራ፦ ደብተሩ በማን ስም እንደሆነ፣ ቦታው በከተማው ፕላን ላይ ለምን እንደተመደበ (መንገድ፣ አረንጓዴ ቦታ ወይስ መኖሪያ)፣ ወሰኑስ የገጠር ነው ወይስ የከተማ።

«መሠረቱ ከጠለቀ ተዳፋት ላይ መሥራት ችግር የለውም»

ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው፤ ሜዳው ሲያልቅ ሰው ወደ ተዳፋቱ ይወጣልና። መሠረት የሚያድነው የሚንሸራተተውን አፈር አልፎ ጠንካራ ድንጋይ ላይ ካረፈ ብቻ ነው፤ አለዚያ ቤቱ ከነመሠረቱ ይሄዳል። ናዳን የሚያንቀሳቅሰው ብዙውን ጊዜ የቤቱ ክብደት ሳይሆን ውኃ ነው። ሸክላማ አፈር በሐምሌና በነሐሴ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ጥንካሬውም ይቀንሳል። ለቤት ቦታ ተብሎ ተዳፋቱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ተደርጎ ሲቆረጥ የላይኛው አፈር ድጋፉን ያጣል። ከቤቱ በላይ በኩል የተቆፈረ የሽንት ቤት ጉድጓድ አፈሩን በበጋም ሳይቀር ያረጥበዋል። ባሕር ዛፉ ከነጉቶው ተነቅሎ ከተሸጠ ደግሞ አፈሩን የያዘው ሥር ይሄዳል።

ስለዚህ ሥራው ከቤቱ በላይ ይጀምራል፦ ጎርፉን ወደ ዋናው ማፋሰሻ የሚመራ፣ ውስጡ በሲሚንቶ የተለሰነ ቦይ። ቦዩ በጎረቤት ግቢ ላይ ከተለቀቀ ናዳው ወደዚያ ዞረ እንጂ አልቀረም። ከድጋፍ ግንቡ ጀርባ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠጠር ይሞላል፤ በግንቡ ላይም በየሁለት ሜትሩ ገደማ የውኃ ማስወጫ ቱቦ ይተዋል። ግንብ ሆድ አውጥቶ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ይህ ስለሚቀር ነው።

ምልክቶቹ አስቀድመው ይታያሉ። የአጥር እንጨት ወደ ቁልቁል ያዘማል፤ በር አልዘጋ ይላል፤ ከላይ መሬቱ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ይሰነጠቃል፤ ያልነበረ ምንጭ ይፈልቃል። ስንጥቁ በክረምት ከሰፋ ቤት ማጠናከር አይጀመርም። ቤተሰቡ ይወጣል፣ ከታች ያሉት ጎረቤቶች ይነገራቸዋል፣ ቀበሌውም እንዲያውቀው ይደረጋል፤ ከአደጋው ክልል ውጭ ሆኖ መሥራት ከተቻለ ብቻ ከላይ የሚመጣው ጎርፍ ወደ ስንጥቁ እንዳይገባ ይመለሳል።