ባይባክ፦ ሠርቶ ወደ እጅ የሚመለስ ድግምት

ባይባክ «ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ» በተባለው የካርድ ጨዋታ ኢንስታንትና ሶርሰሪ በሚባሉት የድግምት ካርዶች ላይ የሚገኝ ችሎታ ነው። እነዚህ ካርዶች በመደበኛው አካሄድ አንድ ጊዜ ብቻ ሠርተው መቃብር ወደሚባለው ያገለገሉ ካርዶች ቦታ ይገባሉ። ባይባክ ያለው ካርድ ግን ከዋናው ዋጋ በላይ የተጻፈው ተጨማሪ ዋጋ ከተከፈለለት፣ ሥራውን ሲፈጽም ወደ ባለቤቱ እጅ ይመለሳል። ተጨማሪውን መክፈል ግዴታ አይደለም። ማና፣ ማለትም ለካርዶች የሚከፈለው የጨዋታው ኃይል፣ ያጠረው ተጫዋች በዋናው ዋጋ ብቻ ተጫውቶት እንደ ማንኛውም ካርድ መቃብር ሊያስገባው ይችላል።

ከባይባክ በፊትም ተመላሽ ድግምት ነበር። በ1996 እ.ኤ.አ. በሚራዥ ስብስብ የወጣው ሀመር ኦፍ ቦጋርዳን 3 ጉዳት አድርሶ መቃብር ከገባ በኋላ፣ ባለቤቱ በራሱ ተራ መጀመሪያ፣ በአፕኪፕ፣ 5 ማና ከፍሎ ወደ እጁ ይመልሰዋል። ሐሳቡን ከአንድ ካርድ አውጥቶ ስም ያለውና በብዙ ካርዶች ላይ የሚሠራ ችሎታ ያደረገው ግን በጥቅምት 1997 እ.ኤ.አ. የወጣው ቴምፔስት ነው። የቴምፔስትን ንድፍ የመራው ማርክ ሮዝዋተር ሲሆን፣ የጨዋታው ፈጣሪ ሪቻርድ ጋርፊልድ፣ ቻርሊ ካቲኖና ማይክ ኤሊየት አብረውት ሠርተዋል። በ1998 እ.ኤ.አ. የተከተሉት ስትሮንግሆልድና ኤግዞደስም ችሎታውን ይዘው ወጥተዋል። ባይባክን በምልዓት ማየት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መመርመር ያለበት እነዚህን ሦስት ስብስቦች ነው።

በጣም የሚታወቀው ካርድ ካፕሳይዝ ነው። በ3 ማና በጠረጴዛ ላይ ካሉት ነገሮች አንዱን ወደ ባለቤቱ እጅ ይመልሳል፤ ባይባኩ ሌላ 3 ማና ስለሆነ ጠቅላላው 6 ይሆናል። ጉልበቱ ማና ከሚያስገኙት የመሬት ካርዶች ጋር ሲገናኝ ይገለጣል። አንድ ተጫዋች በተራው በመደበኛነት አንድ መሬት ብቻ ማውረድ ስለሚችል፣ በየተራው አንድ መሬት የሚመለስበት ተቃዋሚ ያንኑ መሬት መልሶ ከማውረድ አያልፍም፤ ባለበት ይቆማል። 12 ማና ያለው ሰው በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚጫወተው የተቃዋሚው መሬት በየዙሩ በአንድ ይቀንሳል። ካርዱ በቴምፔስት የወጣው በተራ ካርድነት (በኮመን) ደረጃ በመሆኑ፣ ተራ ካርዶች ብቻ በሚፈቀዱበት ፖፐር በተባለው የጨዋታ ዓይነትም ያገለግላል።

ዊስፐርስ ኦፍ ዘ ሚዩዝ በ1 ማና አንድ ካርድ ያስስባል፣ ባይባኩ 5 ነው። የተቃዋሚን ድግምቶች በማክሸፍ ለሚጫወተው ድሮው ጎ ለተባለው ዴክ (የተጫዋች የካርድ ጥቅል) ዋነኛ መሣሪያ ነበር፦ ተጫዋቹ በራሱ ተራ ምንም ሳያደርግ ማናውን ይዞ ይቆያል፤ የሚከሽፍ ነገር ካልመጣ በተቃዋሚው ተራ ማብቂያ ላይ 6ቱን ከፍሎ ካርድ ይስባል። የኤግዞደሱ ፎርቢድ ደግሞ በ3 ማና ድግምት ያከሽፋል፤ ባይባኩ ማና ሳይሆን ከእጅ ሁለት ካርድ ማስወገድ ነው። ፎርቢድ ራሱ በዚያ ሰዓት ከእጅ ወጥቷልና ከሁለቱ አይቆጠርም። ሌላ አንድ ካርድ ብቻ የቀረው ተጫዋች ባይባኩን መክፈል አይችልም።

ጀማሪዎች የሚሳሳቱት በአብዛኛው በክፍያው ጊዜ ነው። ካርዱ ስታክ በሚባለው የድግምቶች ቁልል ላይ ይቀመጣል፤ ወዲያው ባይባክ ይከፈል አይከፈል ይታወጃል፤ ከዚያ ዒላማ ይመረጣል፣ ጠቅላላ ዋጋው ይሰላል፣ በመጨረሻ ይከፈላል። ድግምቱ መሥራቱን አይቶ ኋላ ላይ መክፈል የለም።

ሁለተኛው ስሕተት ክፍያውን እንደ ዋስትና ማየት ነው። ካርዱ የሚመለሰው ድግምቱ ከሠራ ብቻ ነው። ከከሸፈ፣ ባይባክ ተከፍሎም ቢሆን መቃብር ይገባል። ብቸኛው ዒላማው ከጠፋም እንደዚያው ነው፤ ካፕሳይዝ የተነጣጠረበትን ፍጡር ተቃዋሚው መልስ ሰጥቶ ራሱ ቢሠዋው 6 ማናውም ካርዱም አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ ብልህ ተጫዋች ተቃዋሚው በቀላሉ ሊሠዋው የማይችለውን ዒላማ ይመርጣል፣ የሚቻል ከሆነም ተቃዋሚው ማናውን እስኪጨርስ ይጠብቃል። የተመለሰ ካርድ እጅ ላይ መኖሩ የታወቀ በመሆኑም ከእጅ ካርድ የሚያስጥሉ ድግምቶች ሁነኛ መድኃኒቱ ናቸው።

ዋጋውን የሚያቀልል ካርድም አለ። የኤግዞደሱ ሜሞሪ ክሪስታል ባይባክን በ2 ማና ይቀንሳል። ካፕሳይዝ 4 ይሆናል፤ ኮርፕስ ዳንስ ደግሞ (3 ማና፣ ባይባክ 2) ያለ ተጨማሪ ይመለሳል። ቅናሹ ለተቃዋሚውም እንደሚሠራ መዘንጋት የለበትም። እንደ ኮንስታንት ሚስትስ መሬት መሠዋትን የሚጠይቁትን ግን አይነካም።

ባይባክ በ2006 እ.ኤ.አ. በታይም ስፓይራል፣ በ2007 ደግሞ በፊውቸር ሳይት ተመለሰ። ሪኢተሬት የሌላ ድግምት ቅጂ ይሠራል፤ ከባይባኩ ጋር 6 ማና ነው። 7 እና ከዚያ በላይ ማና በሚያስገኝ ድግምት ላይ ሲደጋገም ማለቂያ የሌለው ማና ይሰጣል። ስፕራውት ስዋርም በ2 ማና፣ ከባይባኩ ጋር በ5፣ አንድ ትንሽ ፍጡር ያወጣል። ኮንቮክ ስላለው ፍጡራን ራሳቸው በማና ፈንታ ይከፍሉለታል፣ አዲስ የወጣውም ወዲያው ይቆጠራል። የስብስቡን እሽጎች ከፍቶ በወጡት ካርዶች በሚጫወት ውድድር ይህን ተራ ካርድ ማስቆም እጅግ ከባድ ነበር።

ንድፍ አውጪዎች በኋላ ዘመን ወደ ሌሎች መንገዶች ያዘነበሉት ባይባክ አንድን ተራ ደጋግሞ ስለሚያስጫውት ነው የሚለው አስተያየት በተጫዋቾች ዘንድ የተለመደ ነው። ፍላሽባክ (2001) ካርዱን ከመቃብር አንድ ጊዜ ብቻ አስጫውቶ ከጨዋታ ያስወጣዋል፤ ሪትሬስ (2008) የመሬት ካርድ በማስወገድ ያስደግማል፤ ሪባውንድ (2010) በቀጣዩ ተራ በነጻ ያስደግማል። ባይባክና ፍላሽባክ በአንድ ድግምት ላይ ሲገናኙ የሚያሸንፈው ፍላሽባክ ነው። መቃብር ያለ ካፕሳይዝ ስናፕካስተር ሜጅ በተባለው ፍጡር ካርድ አማካኝነት ፍላሽባክ ካገኘ፣ ባይባኩ ቢከፈልም ካርዱ ከጨዋታ ይወጣል እንጂ ወደ እጅ አይመለስም።