የቋንቋ ቤተሰብ ምንድን ነው?

ፀሐይን «ጠሃይ»፣ ጾምን «ጦም»፣ ጸሎትን «ጠሎት» የሚል ሰው ሲያጋጥመን እናርመዋለን። አንዳንዴም እንስቅበታለን። ሰውየው ግን አማርኛ ከጥንት ጀምሮ ሲያደርገው የኖረውን ነው ያደረገው። ግዕዝ «መጽአ» ያለውን እኛ «መጣ» እንላለን። «ጸበበ» ያለውን «ጠበበ» እንላለን። ነጋ ለማለት «ጸብሐ» ይላል፤ እኛም «ዘመን ጠባ» ስንል ያንኑ ቃል እየተናገርን ነው። «መጣ አትበል፣ መጻ በል» ብሎ የሚያርመን ግን የለም።

ግዕዝ ጸ ባለበት ቦታ አማርኛ በብዙ ቃላት ላይ ጠ ይላል። አንድ ቦታ ብቻ ቢሆን አጋጣሚ ነው ብለን እናልፈው ነበር። እየተደጋገመ ሲመጣ ግን ሕግ ይሆናል። የቋንቋ ቤተሰብ የሚባለው ሐሳብ የቆመው እንዲህ ባለው ድግግሞሽ ላይ ነው።

ትርጉሙ ቀላል ነው። ከአንድ የጥንት ቋንቋ ወጥተው እየተለያዩ ያደጉ ቋንቋዎች በአንድ ላይ ቤተሰብ ይባላሉ። አንድ ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ በስደት፣ በተራራ፣ በባሕር ወይም በድንበር ለሁለት ይከፈላል። ወዲያ ያሉት አንድ ድምፅ ያላላሉ፣ ወዲህ ያሉት ሌላ ድምፅ ይጥላሉ። አያትና የልጅ ልጅ ይግባባሉ፤ ለውጡ በአንድ ሰው ዕድሜ አይታይም። ሺህ ዓመት ሲሞላው ግን ሁለቱ ወገኖች ያለ አስተርጓሚ አይነጋገሩም። ልዩነቱ በየትኛው ቀን «ቀበሌኛ» መሆኑ አብቅቶ «ሌላ ቋንቋ» እንደሆነ አትጠይቁኝ። እንዲህ ያለ ቀን የለም።

ይህን በደንብ የሚያሳየን ላቲን ነው፤ እናቲቱም ልጆቿም በጽሑፍ አሉና። በላቲን ስምንት «ኦክቶ» ነው፤ በጣሊያንኛ «ኦቶ»፣ በስፓኒሽ «ኦቾ» ሆኗል። ሌሊት «ኖክቴም» ነበር፤ ጣሊያኖች «ኖቴ»፣ ስፓኒሾች «ኖቼ» ይሉታል። የወተት ስምም «ላክቴ» ከሚለው መልክ ተነሥቶ በጣሊያንኛ «ላቴ»፣ በስፓኒሽ «ሌቼ» ሆነ። ላቲን «ክት» ባለበት ጣሊያንኛ ጠበቅ ያለ ት፣ ስፓኒሽ ደግሞ ች ይላል። ይህን ያወቀ ሰው ያልሰማውን ቃል እንኳ ቀድሞ ሊገምት ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ይሳካለታል።

እናቲቱ ጽሑፍ ሳትተው ብትጠፋስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። በ1786 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዊልያም ጆንስ የተባለ እንግሊዛዊ ዳኛ ሕንድ ውስጥ ካልካታ ላይ ባደረገው ንግግር የጥንቱ የሕንድ ቋንቋ ሳንስክሪት፣ ግሪክና ላቲን ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው አለ። ምንጩ ምናልባት ዛሬ የለም ሲልም ጨመረ። ያ የጠፋ ምንጭ አሁን የኢንዶ-አውሮፓ ቋንቋዎች እናት ይባላል። አንድም ቃሉ ተጽፎ አልተገኘም። ሊቃውንቱ የልጆቹን ድምፅ እያነጻጸሩ ወደኋላ በመሄድ ነው ብዙ ቃላቱን የገመቱት።

ከጆንስ በፊትም ዝምድናን ያየ ሰው ነበር። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ግዕዝንና አማርኛን የተማረው ከአባ ጎርጎርዮስ ነው። አውሮፓ ድረስ የሄዱት እኚህ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ባይኖሩ ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው ባልታሰበም ነበር። ግዕዝ የዕብራይስጥና የዓረብኛ ዘመድ መሆኑን ሉዶልፍ በሚገባ ያውቅ ነበር።

ግን ተጠንቀቁ። መመሳሰል ብቻውን ዝምድና አይደለም። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ምባባራም የሚባል ቋንቋ ነበር። ሮበርት ዲክሰን የተባለ የቋንቋ ምሁር እዚያ ሄዶ ውሻ ምን ይባላል ብሎ ቢጠይቅ «ዶግ» አሉት። ልክ እንደ እንግሊዝኛው! ከእንግሊዝኛ የተዋሱት መስሎት ነበር፤ አልነበረም። የዚያው አካባቢ ዘመድ ቋንቋ ይዲኝ ውሻን «ጉዳጋ» ይለዋል፤ ምባባራም የቃሉን መጀመሪያና መጨረሻ እየሸራረፈ «ዶግ» ላይ ደረሰ። አጋጣሚ ነው፤ በቃ። ኢንተርኔት ላይ «ይህ ቃል የእኛን ይመስላል፣ ስለዚህ ከእኛ የወጣ ነው» የሚሉ ጽሑፎች ሲያጋጥሙኝ ይቺ ውሻ ትዝ ትለኛለች።

ውሰትም አለ። «ጠረጴዛ» ከግሪክ «ትራፔዛ» የመጣ ነው፤ አማርኛ ግን በዚህ የግሪክ ዘመድ አይሆንም። ጎረቤት ዕቃ ስላዋሰን አጎታችን አይደለም።

ታዲያ እውነተኛ ዘመድ በምን ይለያል? በሰውነት ክፍሎች ስምና በዕለት ተዕለት ግሦች ጀምሩ፤ ሰው እነዚህን እምብዛም አይዋስም። በዕብራይስጥ ራስ «ሮሽ»፣ ምላስ «ላሾን»፣ ጥርስ «ሼን»፣ ስም «ሼም» ነው፤ ሰማ «ሻማዕ» ይባላል። ዓረብኛ «ረእስ»፣ «ሊሳን»፣ «ሲን»፣ «ኢስም»፣ «ሰሚዐ» ይላል። ግዕዝ ደግሞ «ርእስ»፣ «ልሳን»፣ «ስን»፣ «ስም»፣ «ሰምዐ»። ዕብራይስጥ ሸ ባለበት ሌሎቹ ሰ ይላሉ፤ አምስቱም ቃል ላይ እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ውሰትም አጋጣሚም አያመጣውም። እነዚህ ሴማዊ የሚባለው ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

«ሰምዐ» መጨረሻ ላይ ያለችውን ዐ ልብ በሉልኝ። ከጉሮሮ የምትወጣ ድምፅ ነበረች። ትግርኛ ዛሬም ያወጣታል፣ አማርኛ ጥሏታል። ስለዚህ «ሰምዐ» ሰማ፣ «በልዐ» በላ ሆነ። በአማርኛ ፊደል ውስጥ አና ዐ፣ ሀና ሐ፣ ሰና ሠ ለምን ተደጋገሙ ብሎ ያልተነጫነጨ ተማሪ የለም። ትርፍ ፊደል ሆነው አልተፈጠሩም፤ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። ድምፁ ሄደ፣ ፊደሉ ቀረ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚከራከርበት ነገር ልግባ። «ግዕዝ የአማርኛ እናት ነው» ሲባል ሰምታችኋል። አብዛኞቹ የዘርፉ ምሁራን ግን እንዲህ አያስቀምጡትም። የኢትዮጵያና የኤርትራ ሴማዊ ቋንቋዎች በሁለት ቅርንጫፍ ይከፈላሉ። ግዕዝ ከትግርኛና ከትግረ ጋር በሰሜኑ ነው። አማርኛ ከአርጎብኛ፣ ከሐረሪና ከጉራጌ ቋንቋዎች ጋር በደቡቡ ነው። በዚህ አከፋፈል ግዕዝ ለአማርኛ እናት ሳይሆን አክስት ነው፤ የተማረችና ብዙ ያወረሰች አክስት።

ውርሱ ስለበዛ ነው እናት የምትመስለው። «ራስ» እና «ርእስ» ሥረ መሠረታቸው አንድ ነው። የመጀመሪያው ከአፍ ወደ አፍ እየተሸራረፈ የደረሰን ነው፤ ሁለተኛውን ከግዕዝ መጻሕፍት እንዳለ አንስተን ለጽሑፍ ስም አደረግነው። «ጨለማ» እና «ጽልመት»ም እንዲሁ ናቸው። አንድ ቃል በሁለት በር ገባ።

ሴማዊው ቤተሰብ ራሱ የትልቅ ጎሳ አንድ ቤት ነው። አፍሮ-እስያዊ ይባላል፤ ኦሮምኛና ሶማሊኛ፣ የሰሜን አፍሪካ በርበርኛ፣ የጥንቱ ግብጽኛና የምዕራብ አፍሪካው ሐውሳ እዚሁ ናቸው። እዚህ ሲደረስ ዘመኑ በጣም ስለሚርቅ ማስረጃው ይሳሳል፣ ክርክሩም ይበዛል። ያም ሆኖ በርበርኛ ምላስን «ኢለስ» ይላል። «ሞተ» ለማለት ሐውሳ «ሙቱ» ሲል፣ የጥንት ግብጾች በምና በት ይጽፉት ነበር። በሌላ ወገን ደግሞ ዘመድ ያልተገኘላቸው አሉ። በስፔንና በፈረንሳይ ድንበር የሚነገረው ባስክ እስካሁን ብቻውን ነው።

ሞት ከተነሣ፣ ቋንቋም ይሞታል፤ በዓለም ላይ ካሉት 7,000 ገደማ ቋንቋዎች ብዙዎቹ ስጋት ላይ ናቸው። ላቲንን ግን ሞተ ለማለት ይከብደኛል፤ ተለውጦ ጣሊያንኛና ስፓኒሽ ሆነ እንጂ ተናጋሪው አልተቋረጠም። እውነተኛው ሞት ወላጅ ለልጁ በሌላ ቋንቋ ማውራት ሲጀምር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስገድደው ትምህርት ቤቱ፣ ገበያው ወይም መንግሥቱ ነው። በአላስካ የኤያክ ቋንቋ የመጨረሻዋ ተናጋሪ ማሪ ስሚዝ ጆንስ በ2008 ስታርፍ ቋንቋው አብሯት ሄደ። የተመለሰ እንዳለም አውቃለሁ፤ ዕብራይስጥ ለዘመናት የጸሎትና የመጽሐፍ ብቻ ሆኖ ቆይቶ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ እንደገና የልጆች አፍ መፍቻ ሆነ። እንዲህ ያለ ዕድል ግን ብርቅ ነው።

የአማርኛ ዘመድ ጋፋትኛ ይህ ዕድል አልገጠመውም። በዓባይ ዳር በጎጃም ይነገር ነበር፤ እሱም የደቡቡ ቅርንጫፍ ነው። በ1770ዎቹ መባቻ ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ መኃልየ መኃልይን ወደ ጋፋትኛ አስተርጉሞ ወሰደ፤ ጽሑፉ ዛሬ ኦክስፎርድ ይገኛል። ተናጋሪዎቹ ቀስ በቀስ ወደ አማርኛ ዞሩ። በ1940ዎቹ የቋንቋ ምሁሩ ቮልፍ ሌስላው ጋፋትኛ የሚችል ሰው ፍለጋ ሄደ። ብዙ ደክሞ ያገኘው አራት ሰው ነው። እነሱን እየጠየቀ ቃላቱንና ሰዋስውን መዘገበ።

አሁን ጋፋትኛን ማነጻጸር የሚፈልግ ተመራማሪ በዋናነት ያለው የብሩስ ጽሑፍና የሌስላው መዝገብ ነው። ሌስላው ሳይጠይቅ ያለፈው ቃል ካለ፣ «ይህንንስ ምን ትሉታላችሁ?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው የለም።