ነበልባል የሌለው እሳት፦ ስለ ፎም ካታሊስት የሚባለውና እውነታው

በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ከሱሉልታ እስከ ሰበታ፣ ከለገጣፎ እስከ ገላን፣ በሲሊንደር ጋዝ ጫጩት የሚያሞቅ፣ ምግብ ቤት የሚያሠራ ሰው አለ። ከብት የሚያረባውም ከእበት ባዮጋዝ ያወጣል። «ካታሊቲክ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ማሞቂያ ሲቀርብለት ታዲያ ሻጩ የነገረው፣ ጎረቤት የጨመረበትና ራሱ የገመተው ይደባለቅበታል። አሠራሩ ይህን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። ጋዝና አየር ተቀላቅለው በቀዳዳማ የሴራሚክ ወይም የብረት ፎም ውስጥ ያልፋሉ፤ የፎሙ ግድግዳ በፕላቲነም፣ በፓላዲየም ወይም ዋጋቸው በሚቀንስ እንደ ማንጋኒዝ ባሉ ኦክሳይዶች ተቀብቷል፤ ቃጠሎው የሚካሄደው በዚያ ሽፋን ላይ ነው። ካታሊስት የሚባለው ይህ ሽፋን ነው፤ ራሱ ሳያልቅ ቃጠሎውን የሚያፋጥን ማለት ነው።

«ነበልባል ከሌለ እሳት የለም»

እሳትስ አለ። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ በ1817 እ.ኤ.አ. የጋለ የፕላቲነም ሽቦ ጋዝና አየር በተቀላቀሉበት ውስጥ ሲያስገባ፣ ሽቦው ያለ ነበልባል ፍም መስሎ እንደሚቆይ አይቷል። ብረቱ ጋዙንና ኦክሲጅኑን ገጹ ላይ ይዞ ስለሚያገናኛቸው ቃጠሎው በአነስተኛ ሙቀት ይጀምራል።

የተገላቢጦሹ ስህተት ግን ይበዛል፤ ቀልቶ የሚታይ የሴራሚክ ገጽ ሁሉ ካታሊስት ይመስላል። በዶሮ ቤት ከሚሰቀሉት ማሞቂያዎች ብዙዎቹ የተበሳሳ ተራ ሴራሚክ ናቸው፤ ጋዙ ገጹ ላይ በደቃቅ ነበልባል ይነዳል፣ ሴራሚኩም ይግላል። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ካታሊስት ግን የለውም። ሲገዙ ሽፋኑ ከምን እንደተሠራ መጠየቅ ያዋጣል።

«ፎም ከሆነ ይቀልጣል»

የፍራሽ ስፖንጅ ታስቦ ነው። የሚገርመው፣ ግምቱ ከእውነቱ ብዙ አልራቀም። ሴራሚክ ፎም ሲሠራ እውነተኛ ስፖንጅ በሴራሚክ ጭቃ ተነክሮ፣ ተጨምቆና ደርቆ ምድጃ ይገባል፤ ስፖንጁ ተቃጥሎ ሲጠፋ ቅርጹን የያዘው ሴራሚክ ይቀራል። ከይዘቱ 80 በመቶና ከዚያ በላይ ባዶ ሊሆን ይችላል። እንደ እንጀራ ዓይን ነው እንዳይባል፣ የእንጀራ ዓይን ከታች ተደፍኗል፤ የፎሙ ቀዳዳዎች ግን እርስ በርስ ተያይዘው ከዳር እስከ ዳር ያሳልፋሉ።

«እሳቱ ሰማያዊ ከሆነ ንጹሕ ነው፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል?»

ሰማያዊ ነበልባል ጥላሸት እንደማይሠራ ይናገራል። ስለ ሌላው ዝም ይላል። ነበልባል ከ1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል፣ አየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ራሱ ከኦክሲጅን ጋር መዋሃድ ይጀምራል፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥርም በፍጥነት ይበዛል። የሚወጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድ አይታይም፤ ሳንባን ግን ይቆጠቁጣል፣ አስም ላለበት ሰው ደግሞ ይብሳል። ካታሊስት ዋና ውለታው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ቃጠሎውን ከዚያ ሙቀት በታች ይዞ፣ ጋዙ ግን እስከ መጨረሻው እንዲነድ ያደርጋል።

በእኛ ላይ ደግሞ ከፍታው ተጨምሮብናል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሱሉልታ ከዚያም ከፍ ይላል። የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በሲሊንደር ጋዝ ውስጥ ያለው ፕሮፔን አንድ እጁ በሙሉ ለመንደድ 24 እጅ ያህል አየር ይፈልጋል። ስለዚህ ለዝቅተኛ አገር ተስተካክሎ የመጣ ምድጃ እዚህ አየር ሊያንሰው፣ እሳቱ ቢጫ ሊሆንና ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን መርዛማ ጋዝ ሊያበዛ ይችላል። ይህን ካታሊስት አያስተካክለውም፤ መጀመሪያ የአየር መግቢያው ይስተካከል።

«ካታሊስት ካለው በር ዘግቶ መተኛት ይቻላል»

አይቻልም! ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ከሰል ቤት አስገብቶ መተኛት የሚያደርሰውን የማያውቅ የለምና። ካታሊስት ካርቦን ሞኖክሳይድን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለውጠው ኦክሲጅን ካገኘ ብቻ ነው። የተዘጋ ክፍል ውስጥ ኦክሲጅኑን የሚያሟጥጠው ደግሞ ራሱ ማሞቂያው ነው። 1 ኪሎ ፕሮፔን ምንም ያህል በንጽሕና ቢነድ 3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከ1.6 ኪሎ በላይ የውሃ እንፋሎት ይወጣዋል፤ የጫጩት ቤት ጉዝጓዝ እንዲረጥብ ከሚያደርጉት አንዱ ይኸው እንፋሎት ነው። በዚያ ላይ ሽፋኑ በደንብ እስኪግል አይሠራም። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያልነደደ ጋዝ ሊያልፍ ይችላል፤ የሲሊንደር ጋዝም ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል።

«አንዴ ከተገዛ ዕድሜ ልክ ነው»

ካታሊስት በቃጠሎው አያልቅም የሚለው የትምህርት ቤት ትምህርት ትክክል ነው፤ ግን ይመረዛል፣ ይደፈናል፣ ያረጃል። ከመጠን በላይ ሲግል ደቃቅ የብረቱ ቅንጣቶች እየተያያዙ ይተልቃሉ፤ ጋዙን የሚያገኘው ገጽም ይቀንሳል። የላባ ብናኝና የመኖ አቧራ ቀዳዳውን ይደፍናል።

መርዙ ድኝ ነው። ጋዝ ሲያፈተልክ የምንሰማው ሽታ የጋዙ የራሱ አይደለም፤ ለጥንቃቄ ተብሎ የሚጨመር ድኝ ያለው ቅመም ነው። መጠኑ ጥቂት ስለሆነ በሲሊንደር ጋዝ ጉዳቱ ቀስ ያለ ነው። ባዮጋዝ ላይ ግን የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በርከት ይላል፤ ሳይጣራ ከገባ በተለይ ፓላዲየምን ያደክመዋል። የዛገ የብረት ፍቅፋቂ በሞላበት ዕቃ ውስጥ ጋዙን ማሳለፍ ድኙን ይይዝለታል። ፍቅፋቂው ሲጠግብ ይቀየራል።

«ጋዝ በግማሽ ይቆጥባል»

ማስታወቂያ ነው። ደህና ምድጃ ጋዙን አብዛኛውን ያነደዋል፤ የሚባክነው በድስቱ ዳርና ዳር የሚያመልጠው ሙቀት ነው። የጋለ ፎም ሙቀቱን በጨረር ስለሚሰጥ ጥቂት ሊረዳ ይችላል። ግማሽ ግን አይሆንም።

«ካረጀ መኪና የወጣውን ካታሊስት ምድጃ ላይ ብናስቀምጠውስ?»

ጋራዥ አካባቢ የሚነሳ ሐሳብ ነው፤ ያሰበው ሰው ሞኝ አይደለም፤ ውስጡ እውነተኛ ፕላቲነምና ፓላዲየም አለ። ነገር ግን የመኪናው የተሠራው ሞተር ለሚገፋው ጭስ ነው። ቀጥ ያሉ ጠባብ ቱቦዎቹ እርስ በርስ አይገናኙም፤ ጋዙ በገባበት ቱቦ ይወጣል። ምድጃ ጋዙን የሚገፋበት ኃይል ደካማ ስለሆነ እሳቱ ታፍኖ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊጨምር ይችላል። ፎም የተመረጠው ጋዙ እየተጠማዘዘ ሲያልፍ ስለሚደባለቅ፣ ሙቀቱም ወደ ጎን ስለሚዳረስ ነው። አሮጌውን ለመቁረጥ የሚነሳው አቧራ ደግሞ ወደ ሳንባ የሚገባ ነው። ለጋራዡ ይሽጡት።