«ቦዲው ካለ ሌላው ቀላል ነው» ለምትሉኝ፦ ስለ አሮጌ የጦር መርከብ እድሳት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት ነበርኩ። ካርታ የሚጫወተው ድንኳኑ ጥግ ይጫወታል፣ እኛ ወሬ ይዘናል። ወሬው እንደ ሁልጊዜው ከኑሮ ውድነት ተነሥቶ ባሕር በር ላይ አረፈ። የቀድሞ ባሕር ኃይል መሆኔን የሚያውቅ አንድ ጎረቤቴ ወደኔ ዞረና «ጋሼ፣ አዲስ የጦር መርከብ ማን ይገዛል? አሮጌ ፍሪጌት በርካሽ አምጥቶ፣ ራዳሩንና ሚሳይሉን ቀይሮ፣ ቀለም መቀባት ነው። ቦዲው ካለ ሌላው ቀላል ነው» አለኝ። ልክ እንደ ላዳ ታክሲ። (ፍሪጌት ማለት መካከለኛ መጠን ያለው የጦር መርከብ ነው።)

ለቅሶ ቤት ስለሆነ ዝም አልኩ። እዚህ ግን ዝም አልልም። በ2019 ከፈረንሳይ ጋር የባሕር ኃይል ስምምነት ከተፈረመ ወዲህ ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንደ ሰማሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው። የመርከብ ወረቀት በሌላ አቆጣጠር አንብቤ አላውቅም።)

ለማታውቁኝ፦ ምፅዋ የሠለጠንኩ የሞተር ክፍል ሰው ነኝ። በ1991 እንደ ብዙ ጓደኞቼ በየመን በኩል ወጣሁ። ከዚያ ከሃያ ዓመት በላይ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የመርከብ ጥገና ቦታዎች ላሜራ ስቆርጥና ስበይድ ኖርኩ። ስለዚህ ስለ አድሚራሎች ስትራቴጂ አትጠይቁኝ። ስለ ዝገት ግን ጠይቁኝ።

በትናንሾቹ ልጀምር።

«ያረጀ መርከብ አይረባም።» ይረባል። የራሳችን «ኢትዮጵያ» በ1944 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ሥራ የጀመረች የባሕር አውሮፕላኖች ማገልገያ መርከብ ነበረች። በ1962 ለኛ ተሰጠች፤ እስከ 1991 የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ ሆና ሠራች። በሌላ በኩል ሱ ሲቲ የምትባለው የአሜሪካ መርከብ በ2018 መጨረሻ አገልግሎት ገብታ በኦገስት 2023 ጡረታ ወጣች። አምስት ዓመት እንኳ አልሞላትም። የመርከብ ዕድሜ በልደት ቀን አይቆጠርም።

«አዲስ ከሆነ ችግር የለበትም።» ጀርመኖች ባደን ቩርተምበርግ የተባለችውን አዲስ ፍሪጌታቸውን በ2017 መጨረሻ አንቀበልም ብለው ለሠሪዎቹ መለሱ። ከሌሎች ችግሮቿ ጋር ወደ ቀኝ ታዘነብል ነበር። ተስተካክላ አገልግሎት የገባችው በ2019 ነው። እንግሊዞች ታይፕ 45 የሚሏቸው ስድስት ዲስትሮየሮች (ከፍሪጌት ከፍ የሚሉ የጦር መርከቦች) ደግሞ ሞቃት ባሕር ውስጥ ሲገቡ የተርባይን ሞተራቸው ማቀዝቀዣ አልችል እያለ መብራት ይጠፋባቸው ነበር። መሐል ባሕር ላይ ያለ መብራት የቀረ የጦር መርከብ ተንሳፋፊ ሆቴል ነው፣ ያውም ቁርስ የሌለው። አሁን የመርከቦቹን ጎን እየቀደዱ ሦስት ሦስት አዳዲስ የናፍጣ ጄኔሬተር እያስገቡላቸው ነው።

አሜሪካኖችም ኮንስቴሌሽን የተባለ ፍሪጌት በ2020 አዘዙ። ዲዛይኑ ከአውሮፓ የተወሰደ፣ የተፈተነ ነው፤ 85 በመቶው እንዳለ ይቀመጣል ተባለ። እየነካኩ እየነካኩ ከ15 በመቶ በታች አደረሱት። ሦስት ዓመት ዘገየ። በኖቬምበር 2025 ከሁለቱ በቀር ሌሎቹን ሰረዟቸው። ስለዚህ እኔን «የአዲስ መርከብ ጠበቃ» አትበሉኝ።

አሁን ወደ ዋናው።

«ቦዲው ካለ ኤሌክትሮኒክሱን ቀይሮ በግማሽ ዋጋ አዲስ ማድረግ ይቻላል።»

ወገኖቼ፣ ቦዲው ነው ችግሩ! ራዳር በክሬን ይነሣል፣ በክሬን ይቀመጣል። ቦዲ ግን ሺዎች ላሜራዎች፣ አግዳሚዎችና ታንኮች ናቸው። መርከብ የሚዝገው ከውጭ ብቻ አይደለም። ከውጭ ያለውን ዝገት ታየዋለህ፣ ትፍቀዋለህ፣ ትቀባዋለህ። አደገኛው ከውስጥ ነው፦ ከወለሉ ሥር ውኃ የሚያቁርበት፣ ከሙቀት መከላከያው ኋላ ላብ የሚያወርድበት፣ ሰው የማይገባባቸው ጠባብ ታንኮች። ውጪው ያብረቀርቃል፣ ውስጡን ለቄስ ነው። በዚያ ላይ ማዕበል መርከቡን በየቀኑ እንደ ሽቦ ያጥፈዋል፣ ይዘረጋዋል። ሽቦ ደጋግማችሁ ስታጥፉት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

አንድ ጊዜ የአንድ አገር የጥበቃ መርከብ መጣችልን። ውሉ የአራት ወር ነው። ሥራው ሁለት ጄኔሬተር መቀየር ብቻ። ጄኔሬተሩ በበር ስለማይወጣ ወለል መቁረጥ ነበረብን። ወለሉን ስናነሣ ከሥሩ የነዳጅ ታንክ ታየ። ግድግዳውን በመዶሻ ነካ አደረግሁት፤ መዶሻው ገባ። አልመታሁም፣ ነካ ነው ያደረግሁት። ታንኩን ለመቀየር ነዳጁ ይውጣ፣ ጋዙ ይጽዳ፣ ቧንቧው ይነሣ፣ ቧንቧውን ለማንሣት ኬብሉ ይነሣ ተባለ። ኬብሉ ሲነሣ ልባሱ እንደ ደረቀ ቆጮ ተፈረካከሰ። መርከቧ በአሥራ አራተኛው ወር ወጣች። ሒሳቡን የከፈሉት ሰዎች ፊት እስከ ዛሬ አይረሳኝም። እኛም ብንሆን አልዋሸናቸውም፤ ላሜራው ሳይከፈት ማንም አያውቅም።

«ያ ያንተ ግቢ ነው፣ ፈረንጅ እንዲህ አይሠራም» ይሉኛል ደግሞ። እሺ፣ እንግሊዝ እንሂድ። ታይፕ 23 የሚባሉት ፍሪጌቶች የተነደፉት ለ18 ዓመት ነበር። ተተኪው ስለዘገየ ዕድሜያቸው ይራዘም ተባለ። አይረን ዱክ የተባለችው በ2019 ለእድሳት ገብታ 49 ወር ፈጀች። 103 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣባት። ስትወጣ ሠላሳ ዓመቷ ነበር። ዌስትሚኒስተር የተባለችው እህቷ እድሳት ጀምራ፣ ተከፍታ ስትታይ አያዋጣም ተባለና ቀረች። ኖርዘምበርላንድም እንዲሁ፤ በ2024 ጉዳቷ ከጥገና በላይ ነው ተብሎ ጡረታ ወጣች። ሦስቱም የአንድ ዘመን መርከቦች፣ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የትኛዋ እንደምትድን ሳይከፈቱ የሚናገር ሰው ካለ ጠንቋይ ነው።

እዚህ ላይ ጎረቤቴ ጣቱን ያነሣል። አዲሱ የእንግሊዝ ታይፕ 31 መጀመሪያ የታሰበለት ዋጋ በመርከብ 250 ሚሊዮን ፓውንድ ነው፤ 103 ከግማሽ በታች አይደለም እንዴ? ነው። ግን በዚያ ገንዘብ ስንት ዓመት ገዛህበት? አዲሷ ሃያ አምስት፣ ሠላሳ ዓመት ይጠበቅባታል። የታደሰችው ስንት ቀራት? ገንዘቡን ለቀረው ዓመት አካፍሉት። ካልኩሌተር ስልካችሁ ላይ አለ።

የአሜሪካው ደግሞ ይብሳል። ቲኮንደሮጋ የሚባሉት መርከቦች ክሩዘር (ከዲስትሮየር ከፍ ያለ የጦር መርከብ) ይባሉ እንጂ ቦዲያቸው የስፕሩዋንስ ዲስትሮየር ነው። ሰባቱን ለማደስ ከ2015 ጀምሮ 3.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጣ። የምክር ቤቱ ሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በዲሴምበር 2024 እንዳወጣው፣ አራቱ ከእድሳቱ ወዲህ አንድም ጊዜ ለግዳጅ ሳይወጡ ተሰናብተዋል። በእነዚህ በአራቱ ላይ ብቻ 1.84 ቢሊዮን ዶላር ባክኗል። በዓለም ሀብታሙ ባሕር ኃይል ነው ይሄ።

ቦዲው ደኅና ነው እንበል። ቀጥሎ ክብደት አለ። አዲስ ራዳር ከፍ ብሎ ምሰሶ ላይ ነው የሚቀመጠው። መርከብ ላይ አናት ላይ መጫን ማለት ጣራው ላይ በቆሎ የተቆለለበት የገጠር አውቶቡስ ሊማሊሞን ሲወርድ ማለት ነው። አውስትራሊያኖች አንዛክ ፍሪጌቶቻቸው ላይ አዲስ ራዳር ሲተክሉ ሚዛናቸውን ለመጠበቅ ከኋላ ክፍት የነበረውን ወለል መዝጋት ግድ ሆኖባቸዋል። ከክብደት ቀጥሎ መብራት፣ ከመብራት ቀጥሎ ማቀዝቀዣ ይመጣል። ዘመናዊ ራዳር ኤሌክትሪክ ይጠጣል፤ የጠጣውን ሙቀት አድርጎ ይመልሳል። የቀይ ባሕር ውኃ ደግሞ ራሱ የሞቀ ነው። ለሰሜን አትላንቲክ የተሠራ ማቀዝቀዣ ምፅዋ ላይ ምን እንደሚሆን የታይፕ 45 ሰዎችን ጠይቁ።

«ሚሳይል ከተጫነ ተዋጊ ነው።» አጭር መልስ፦ ኢቨር ሁይትፌልት። የዴንማርክ ፍሪጌት ናት፣ በ2011 የገባች፤ አሮጌ አይደለችም። በማርች 2024 ቀይ ባሕር ላይ ድሮን ሲመጣባት ራዳሩና የውጊያ ኮምፒውተሩ አልግባባ ብለው ለግማሽ ሰዓት ያህል ሚሳይል መተኮስ አልቻለችም። የመድፏ ጥይቶችም ከአፈሙዝ እንደ ወጡ እየፈነዱ አስቸገሩ። የአገሪቱ መከላከያ አዛዥ በዚህ ጦስ ከሥልጣን ወረዱ። ዕቃ መግዛት አንድ ነገር ነው፤ ዕቃዎቹ እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ማድረግ ሌላ።

«እንግዲያው እድሳት ከንቱ ነው በለና!» አልልም። ይሄኛውም ያናድደኛል። ካናዳ ከ1992 እስከ 1996 የገቡ 12 ሃሊፋክስ ፍሪጌቶች ነበሯት። ዕድሜያቸው እኩሌታ ላይ ሲደርስ ሁሉንም በ4.3 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር አደሰች። ሥራው ተሳካ። ለምን? ዐሥራ ሁለቱም አንድ ዓይነት ስለሆኑ የመጀመሪያዋ ላይ የተማሩትን ሁለተኛዋ ላይ ተጠቀሙበት። በሞት አፋፍ ላይ ሳይሆን በጊዜያቸው ታደሱ። ቱርክም የአሜሪካን ፔሪ ፍሪጌቶች በተረፈ ዕቃ ዋጋ ወስዳ ጀኔሲስ የሚባል የራሷን የውጊያ ሥርዓት ጫነችባቸው። ከዚያ ትምህርት ተነሥታ ዛሬ የራሷን ፍሪጌት ትሠራለች። ልብ በሉ፣ ቱርክ የነበሯት የራሷ መርከብ ሠሪዎች፣ የራሷ የሶፍትዌር ሰዎችና ስምንት ተመሳሳይ መርከቦች ናቸው። እነዚያኑ ፔሪዎች አሜሪካ ራሷ በ2017 ከጡረታ ልመልሳቸው ብላ አስባ ነበር። ዐሥሩን ለማደስ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይፈጃል ተባለና ሐሳቡ ተተወ።

«ዋጋው የመግዣው ነው።» የሰዉስ? ሃሊፋክስ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ትፈልጋለች። የጃፓን አዲሷ ሞጋሚ ፍሪጌት በ90 ገደማ ሰው ትሄዳለች። የመቶ ሠላሳ ሰው ደመወዝ፣ ቀለብና ሥልጠና በሃያ ዓመት አባዙት።

ጎረቤቴ ሆይ፣ አንድ ቀን የግዢ ኮሚቴ ውስጥ ካስገቡህ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ የላሜራውን ውፍረት በድምፅ ሞገድ አስለካ። ሻጩ የለካውን ወረቀት አትመን፣ የራስህን ሰው ላክ። መርከቧ ድራይ ዶክ ላይ ሳትወጣ አትፈርም። (ድራይ ዶክ ማለት ሞጆ ያለው ደረቅ ወደብ አይደለም! መርከቡ ገብቶ ውኃው የሚመጠጥበት ጉድጓድ ነው።) ሁለተኛ፣ የሞተሩ ፋብሪካ ዛሬም መለዋወጫ ይሠራ እንደሆነ በጽሑፍ ይመልስልህ። እኛ ዘንድ የነበሩት ሁለት የሶቪየት ፔትያ ፍሪጌቶች አንድ ናፍጣና ሁለት ጋዝ ተርባይን ነበራቸው፤ ሶቪየት ስትፈርስ መለዋወጫውን ከማን ትጠይቃለህ? ሦስተኛ፣ ቀለሟ ትኩስ ከሆነ ቀለሙን አስፍቅ። አራተኛ፣ የበጀትህን ሢሶ ላልታየ ነገር አስቀምጥ። አይተርፍም፣ ግን አስቀምጥ።

አምስተኛ፣ አስጎብኚ ተብሎ የሚመደበውን ባለ ነጭ ዩኒፎርም መኮንን ተወው። የሞተር ክፍሉን አዛውንት ፈልግና ሻይ ጋብዘው። እኔ እዚያ ታች በነበርኩበት ዘመን ከጎብኚ አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። ቢጠይቁኝ ኖሮ የትኛው ቧንቧ በጨርቅና በሽቦ እንደ ታሰረ አንድ በአንድ አሳያቸው ነበር።