በጃማይካ የልደት መዝገብ የአባት ስም ለምን ባዶ ይሆናል?

ጃማይካ ውስጥ መንግሥት ልደትና ሞትን መመዝገብ የጀመረው በ1878 እ.ኤ.አ. ነው። የዘር ሐረጉን የሚከታተል ሰው የቅድመ አያቱን መዝገብ ሲያገኝ፣ ብዙ ጊዜ የአባት ስም ቦታው ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል። እኛ የአባታችንን ስም ከስማችን አስከትለን የምንጠራ ሰዎች ይህን ስናይ እንደነግጣለን። ባዶነቱ ግን «አባቱ አይታወቅም» ማለት አይደለም።

ሕጉ ነው እንዲህ ያደረገው። ወላጆች በሕግ ካልተጋቡ፣ የአባት ስም የሚገባው ሁለቱም አብረው ሲጠይቁ ነበር። እናት ብቻዋን ሄዳ ካስመዘገበች፣ አባትየው አንድ ቤት አብሯት ቢኖር እንኳ ስሙ አይጻፍም። ሳይጋቡ አብሮ መኖር ደግሞ በደሴቲቱ በጣም የተለመደ ነበር። ስለዚህ ባዶ ቦታ አይታችሁ ስለ ቤተሰቡ ክፉ አታስቡ።

ፍለጋውን በእናት የቤተሰብ ስም ቀጥሉ። ልጁ አድጎ በአባቱ ስም ሲጠራ ኖሮ ሊሆን ስለሚችል፣ በሁለቱም ስም መሞከር ያስፈልጋል። ከዚያ የጋብቻ መዝገቡን ፈልጉ፤ እዚያ የሙሽራውም የሙሽራዋም አባት ስም የሚጻፍበት ቦታ አለ። የቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብም ይረዳል።

ባርነት በሕግ ከተሻረበት ከ1834 እ.ኤ.አ. በፊት ወዳለው ዘመን ስትሻገሩ ነገሩ ይከብዳል፣ ልብም ይሰብራል። ከ1817 እስከ 1832 በተሠሩት የባሮች መዝገቦች ሰዎቹ የተዘረዘሩት በባለቤት ነን ባዮቹ ስም ሥር ነው። እዚያም ቢሆን አንዳንዴ የእናት ስም ይገኛል።